ዴዴሳ ድልድይ ላይ ያልቆመው ሰው

«እኔ የምለው፣ ምን በድዬህ ነው ሁልጊዜ ጥግ ላይ የምታቆመኝ?» አለች የሺወርቅ፣ ክንዷን የዴዴሳ ድልድይ ብረት ላይ እንዳሳረፈች።

ዋጋሪ ራሱን ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ስር አላወጣም። «ትንሽ ወደ ግራ» አለ ከዚያው ከውስጥ።

«ከዚህ በላይ ወደ ግራ ከሄድኩማ ወንዙ ውስጥ ገባሁ።»

«ትንሽ ብቻ፣ ወይዘሪት።»

«አርጆም እንዲሁ አደረግኸኝ። ነቀምት ያ ትልቅ ሾላ ስር ሳይቀር እንዲሁ። ፎቶዬ ሲወጣ ሩቡ እኔ፣ የቀረው አየር ሊሆን ነው። ለመሆኑ አባባ የቀጠረህ እኔን እንድታነሳ ነው ወይስ አየሩን?»

ዋጋሪ ከጨርቁ ስር ሲወጣ ፊቱ በላብ ወርዝቷል። ዓይኑ እሷን አልነበረም የሚያየው። የሚያየው ከአጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ አንድ ሰው የቆመ ይመስል።

እሷም ይህን አየች። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዋን አልደገመችም። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ወንዙ ዞረች። ፈገግ ማለቷን ግን እኔ ከዛፉ ጥላ ስር ሆኜ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ማን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ትወቅሱኛላችሁ። እኔ ብርቄ ነኝ። ነቀምት ገበያ ቅቤ እሸጣለሁ፤ ቤቴ ከዋጋሪ ፎቶ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ትምህርቴ የሚሲዮኑ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ቃል ቢጎድለኝ ታግሳችሁ አንብቡኝ። ዋጋሪም የሚሲዮን ልጅ ነው፤ የአርጆ ሰው፣ አባቱ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ። ፎቶ ማንሳት የተማረው አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ ተቀጥሮ ነው። ሲመለስ አንድ ካሜራና አንድ ኮፍያ ይዞ መጣ። ኮፍያውን ከራሱ ላይ ሲያወርድ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

የሺወርቅ ደግሞ የግራዝማች መሸሻ ልጅ ናት። ግራዝማች የሸዋ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ሰፊ መሬታቸው ያለው ግን እኛ ዘንድ ወለጋ ነው። በዚያ ጥር «ትምህርቷን ጨርሳለች፣ አገር ላሳያት» ብለው በላንድሮቨር ይዘዋት መጡ። የመጡ ዕለት ፎቶ ቤቱ ገብተው ዋጋሪን ለጉዞው በሙሉ ለብቻቸው ቀጠሩት። ከተማው ሳቀ። ነፍስ አባት አስከትሎ የሚዞር ጌታ አይተናል፤ ፎቶ አንሺ አስከትሎ የሚዞር ግን ያን ጊዜ ነው ያየነው። ልጅቷ ከወንድ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን እኔም አብሬ እንድሄድ ተለመንኩ። ከዚህ ሁሉ ሴት ለምን እኔን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ «ዕድሜሽ ይበቃል» አሉኝ። አመስግኜ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ጊምቢ ስንደርስ ግራዝማች ከአገሩ ሰዎች ጋር ሊጫወቱ ወረዱና ኮረብታው ላይ ሦስታችን ቀረን። የሺወርቅ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ስትመላለስ ቆየችና ካሜራው ፊት መጥታ ቆመች።

«እኔም ልይ» አለች።

«ምኑን?» አለ ዋጋሪ።

«ቀኑን ሙሉ እዚያ ጨርቅ ስር ተደብቀህ የምታየውን።»

«ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሰውም ዛፉም በራሱ ቆሞ።»

«ይሁን። ዱሮስ ቀጥ ብሎ መች ታይቶኝ ያውቃል?» ብላ ጨርቁን ገልጣ ገባች። ትንሽ ቆይታ፣ «ሣርና ሰማይ ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። ሂድ ቁም» አለችው።

«የት?»

«እኔ ቆሜበት ከነበረው አጠገብ። ባዶ የምታስቀረው ቦታ ላይ።»

ዋጋሪ ካለበት አልተነቃነቀም። «እዚያ ላይ መቆም አይገባኝም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ከለከለህ?»

 እኔም ነገር ሲጓተት ስለማልወድ ጣልቃ ገባሁ። «ሂድና ቁምላት እንጂ፤ ኮረብታው አይናድብህ» አልኩት።

ሄደ። ኮፍያውን አወለቀ። የከተማውን ሰው ሁሉ «እጅህን ልቀቅ፣ ትከሻህን ዘርጋ» እያለ የሚያስጨንቅ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ እንጨት ሆነ። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የሚያየውም ጠፍቶት ቆመ። ከጨርቁ ስር ሳቅ ስጠብቅ ሳቅ አልመጣም። የሺወርቅ ቶሎ አልወጣችም። ስትወጣ ጸጉሯ ተበታትኗል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በደንብ ይሞላዋል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ ሳይለይ።

ዋጋሪ ያን ጊዜ ያሳየውን ዓይነት ፊት እኔ የማውቀው ለቅሶ ቤት ነው። አንድ የወደደ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ ገረመኝ። ደግሞ ወጣት ሲያፈቅር ሁሉም እንግዳ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ስንወርድ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እሷ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች ቀና ብላ፣ እሱ ደግሞ መሬት መሬት እያየ።

ነቀምት ከተመለስን በኋላ ዋጋሪ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ቀረ። ያ ክፍል ከእኔ ማጀት የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ እኔም የኦርቶዶክስ ልጅ ብሆን ከጉርብትና ብዛት ዜማውን ሁሉ ለምጄዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ድምፁ ጠፋ።

«ዋጋሪ፣ መዝሙሩ አለቀብህ እንዴ?» አልኩት በግድግዳው በኩል።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አዴ ብርቄ።»

«ልጅቷን ካየህ ወዲህ ነው ሥራ የበዛብህ።»

ውሃ ሲያፈስ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «አዴ ብርቄ፣ አንዳንድ ሥራ አለ፣ ምነው ባልቻልኩ የሚያሰኝ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አላግጥበት ነበር። ድምፁን ስሰማ ግን ወደ ቅቤዬ ተመለስኩ።

ለእንግዳ አንባቢ አንድ የከተማችንን ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት ፎቶ የፎቶ ቤት መስኮት ላይ ከወጣ፣ ሽማግሌ ተልኳል፣ እሺ ተብሏል፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ያየ ሁሉ ደስታውን ሊገልጽ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያችን ልጅ የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም። እሷም ሐሳቤን ለወጥኩ ብትል እንደ ፈት ነው የምትታየው።

የገበያው ዕለት የሺወርቅ «ቅቤ ልገዛ» ብላ እኔ ዘንድ መጣች። ቅቤ የሚገዛ ሰው ያን ያህል አምሮ አይለብስም። ቅቤውን እንኳ ሳታሸት፣ «ፎቶዎቹ ደርሰው ይሆን?» አለችኝ። «እስቲ ቅቤውን እዚያ ሄደን እንግዛ» ብያት ተያይዘን ወጣን።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። በርበሬ የምትሸጠው ሎሚ ገና ከሩቅ ስታያት እልል ብላ ሮጠች፤ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት።

«ባጋ ገመዴ፣ የኔ ልጅ። እንኳን ደስ ያለሽ። ዕድሜያቸው ትንሽ ገፋ ቢልም ደህና ጌታ ይመስላሉ።»

«የማን ዕድሜ?» አለች የሺወርቅ እየሳቀች።

ሰው መንገድ ለቀቀላት። መስኮቱ ላይ ዴዴሳ ድልድይ ነበር። የሺወርቅ ክንዷን ብረቱ ላይ አሳርፋ፣ በግራ በኩል። በቀኝ በኩል፣ ባዶ በነበረው ቦታ ላይ፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ቆመዋል። የሰውዬው ጥላ ሳይቀር ከእሷ ጥላ ጎን ድልድዩ ላይ ተጋድሟል።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቶሎ አልጠፋም። መሄጃ እንዳጣ እዚያው ቀረ።

«ማናቸው?» አልኳት በጆሮዋ።

«ባላምባራስ ተካ» አለች። «የአባባን የመሬት ክርክር የያዙት ዳኛ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር። አልፈልግም አልኩ። አባባም ‹እሺ፣ ትቼዋለሁ፤ ነይ አገር ላሳይሽ› አለኝ።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች። እኔም ተከተልኳት።

ዋጋሪ ሲያያት ብድግ አለ። ከግራዝማች በኩል ምርቃት ይዛለት የመጣች ሳይመስለው አልቀረም፤ በግድ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወይዘሪት» አለ።

እሷም ተረጋግታ አየችው። «ጥላ ሠራህላቸው» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«አባባ ሊያደርገው ይችላል። አባባን አውቀዋለሁ። አንተ ግን በብሩሽ ተቀምጠህ ጥላ ሠራህላቸው።»

ዋጋሪ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ይታያል። «አያውቁም ነበር?» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አላት። «አታውቂም ነበር?»

«ምኑን?»

«ግራዝማች ‹ተስማምታለች፤ ሙሽራው አብሮን ያልመጣው ከችሎት መውጣት ስላልቻለ ነው› አሉኝ። የሰውዬውን ፎቶ ይዘው ነው የመጡት። በየሥፍራው ቦታ ተውለት፣ በኋላ ታስገባዋለህ፣ መስኮትህም ላይ ትሰቅለዋለህ አሉኝ። ‹የሙሽራውን ነገር እንዳታነሳባት፣ ታፍራለች› አሉኝ። እኔም አላነሳሁም። የወደድሽው ሰው መስሎኝ...» አልጨረሰውም።

«ጊምቢ ላይስ? እዚያ ቁም ስልህ?»

«የሌላ ሰው ቦታ ላይ አቁመሽ የምትቀልጅብኝ መስሎኝ ነበር። ቀልድም ቢሆን ግን ቆምኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ልቁም ብዬ።»

የሺወርቅ ወንበሩን ያዘች። ሰው ፎቶ ሲነሣ የሚቀመጥበት ያ ባለ ቀይ ከፈይ ወንበር ነው።

«እኔ ደግሞ ያንተ ቦታ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ከአርጆ ጀምሮ። አፍሮ ነው፣ ከእኔ ጋር መቆም እየፈለገ አፍሮ ቦታውን ብቻ ይተዋል ብዬ። ምን ያህል እንደሳቅሁብህ። ምን ያህልም ደስ እንዳለኝ።»

ከውጭ የሎሚ እልልታ እንደገና ተሰማ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለነው ሰዎች ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

እኔ ወደ ዋጋሪ ዞርኩ። «ባዶው ያለበት ፊልም የታለ? እሱን አውጥተህ ለሰው ማሳየት ነው።»

«ግራዝማች ወሰዱት። አንድም አላስቀሩልኝ።»

ዋጋሪ ይህን ብሎ ኮፍያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ባዶ ራሱን ወጣ። መስኮቱን ከፍቶ ፎቶውን አወረደና ሕዝቡ ፊት ቆመ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገረ።

«ይህ ፎቶ ውሸት ነው። ሰውዬው ዴዴሳ አልነበሩም። ከሌላ ፎቶ ላይ ቆርጬ የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ለማንም እሺ አላለችም።»

 ጨርቅ ነጋዴው ኦቦ ሞረዳ መነጽራቸውን አጥልቀው ፎቶውን ተቀበሉት። የሚከበሩ ሰው ናቸው፤ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የታለ የተቆረጠው?»

«እዚህ ጋ፣ በክንዳቸውና በብረቱ መካከል።»

«አይታየኝም።»

«እንዳይታይ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያውስ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ» አሉ ኦቦ ሞረዳ። ሰው ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ፣ ያ ነው የከፋው።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ከመኪናው ወርጄ ዛፉ ስር ተቀምጬ ነበር። ሰውዬው አልነበሩም።»

«አንቺማ ጎረቤቱ ነሽ፣ ብርቄ» አለች ሎሚ። ወደ ዋጋሪ ጠጋ ብላ ትከሻውን ደባበሰችው። «ልጄ፣ ወደሃታል፤ ይገባናል። በሰው ሙሽራ ግን እንዲህ አይባልም። ይኸው ጥላቸው እንኳ ይታያል።»

ዋጋሪ ጥላውን አየ። ያን ሁሉ ሳምንት መዝሙር ትቶ የሠራውን ጥላ። ከኦቦ ሞረዳ እጅ ፎቶውን ወሰደና ሁለት ቦታ ቀደደው፤ ከላይ እስከ ታች፣ እሱ ብቻ በሚያውቀው ስፌት ላይ። የሰውዬው ፊት ጭቃ ላይ ወደቀ። የእሷ ግማሽ እጁ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። የመንግሥት ዳኛ ምስል በአደባባይ ቀዶ መጣል በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ገበያው ውስጥ የግራዝማች የሥጋ ዘመድ የሆነ አንድ የመቶ አለቃ ነበር፤ ማን እንደጠራው እንጃ፣ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ደረሰ። ዋጋሪ አልተከራከረም። እጁን ሲይዙት ግማሹን ፎቶ ሸሚዙ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፤ የመቶ አለቃው ነጠቀው። የሺወርቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲወስዱት ዞሮ አያት፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው ዓይን ነበር፣ ምሕረት ግን የማይጠብቅ። እሷም ያንን ዓይን ይዛ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ግራዝማች ያረፉበት ቤት ደጃፍ ላንድሮቨሩ ተጭኖ ቆሟል። የሺወርቅ አብሬያት እንድሆን አስጠርታኝ ነበር። አልቅሳ ያደረች ትመስላለች፤ ጸጉሯን ግን ጠቅልላ ሠርታዋለች።

ግራዝማች ከሾፌሩ ጋር ገመዱን እየፈተሹ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ። «ልጁ ይፈታል። አንቺ መኪናው ውስጥ ስትገቢ።»

«መጀመሪያ ይፈታ» አለች።

«ከአባትሽ ጋር ትደራደሪያለሽ?»

«ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አባባ።»

ረዘም አድርገው አዩዋት። እኔ ይመቷታል ብዬ ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው ለሾፌሩ «ወደ ፖሊስ ጣቢያው ንዳ» አሉት። ሁላችንም ተሳፈርን። ፎቶ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቀና አልኩ። መስኮቱ ላይ የዴዴሳው ፎቶ ሌላ ቅጂ ተሰቅሏል። የዋጋሪ በር በመቶ አለቃው ቁልፍ ተቆልፏል። ሰው ከፎቶው ፊት ቆሞ ለልጅ ለአዋቂው ያሳያል።

ጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ግራዝማች ወርደው ከዘመዳቸው ጋር ተነጋገሩ። ትንሽ ቆይቶ ዋጋሪ ወጣ። ከንፈሩ አብጧል፤ አንድ እጁን ጎኑ ላይ ደግፏል። ወደ መኪናው ሊመጣ ሲል ፖሊሱ በክንዱ ገፋ አደረገው፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቀረ።

የሺወርቅ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። በጉዞው ላይ እሱ ያስተማራት አንድ የኦሮምኛ ቃል ነበር፤ ስትለው እየሳቀ ያርማት የነበረው።

«ናጋቲ፣ ዋጋሪ» አለች። ደህና ሁን ማለቷ ነው። በዚህ ጊዜ አንድም ስህተት አልነበረባትም።

ዋጋሪ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩ አልታዘዘለትም። ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ። እኔ የእሷን እጅ ይዤ ነበር፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ግራዝማች ገብተው በሩን ዘጉ። ያሰቡት የተሳካላቸው ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ለስልሷል። «በይ፣ ብርቄም ትውረድ። አንቺም ፊትሽን አስተካክይ። ባላምባራስ መንገድ ድረስ ወጥተው ይቀበሉናል። ሙሽራይቱን ለማየት ቸኩለዋል።»

እኔ እግሬን መሬት ላይ እንዳደረግሁ ነበር። የሺወርቅ ወደ አባቷ አልዞረችም። ዓይኗ መንገዱ ዳር፣ ሰው ከተሰበሰበበት የፎቶ ቤት መስኮት ላይ ነበር።

«ሙሽራይቱማ እዚያ ቆማላቸዋለች» አለች፣ «መጥተው ይውሰዷት።»